በአዋሳኝ ከተሞች መካከል የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎትን በጋራ ስለማደራጀት፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። ያለን አንድ የእሳት አደጋ መኪናና አንድ አምቡላንስ ብቻ ሲሆን፣ ከእኛ የተሻለ አቅም ያላት አዋሳኝ ከተማ አገልግሎቱን በጋራ እንድናደራጅ ሐሳብ አቅርባልናለች። አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን «በችግር ጊዜ መረዳዳት ድሮም ያለ ነው፤ ለዚህ ውል ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። በእርግጥ ውል ያስፈልጋልን? ካስፈለገስ ምን ምን ነገሮችን መወሰን አለበት?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ ስለ ሰው ቅንነት የተናገሩት እውነት ነው። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ቆሞ የሚያይ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አይገኝም። ይሁን እንጂ ጥሪ ተቀባዩ የየትኛውን ከተማ መኪና መላክ እንዳለበት አስቀድሞ ካልተወሰነለት፣ ፈቃድ መጠየቅና መፈቀድ የሚጀምረው እሳቱ ጣራ ከነካ በኋላ ነው። በአምቡላንስ በኩል ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ደረቱን እየተጫነ ደሙን የሚያዘዋውርለትና በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡን የሚያስነሳለት ሰው ካልደረሰለት፣ የመትረፍ ዕድሉ በእያንዳንዱ ደቂቃ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አንዱ ኃላፊ ሌላውን ኃላፊ በስልክ እስኪያገኝ የሚያልፉት ሦስትና አራት ደቂቃዎች ከዚህ ዕድል ላይ የሚቀነሱ ናቸው። ስለዚህ ውል ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገውም ይህንን የፈቃድ ጥያቄ ከአደጋው ሰዓት አውጥቶ ሰላም ባለበት ጊዜ ለመጨረስ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስምምነት የተለመደ ነው። በአንደኛው፣ አደጋ የደረሰባት ከተማ የራሷን ኃይል ታሰማራና እንደማይበቃት ስታውቅ እርዳታ ትጠይቃለች፤ ጎረቤቷም ያላትን አይታ ትልካለች። በሁለተኛው፣ ገና የመጀመሪያው ጥሪ እንደደረሰ፣ ወሰን ሳይታይ፣ ለቦታው የሚቀርበው መኪና ማንም ሳይጠይቅ ይንቀሳቀሳል። አንድ መኪናና አንድ አምቡላንስ ብቻ ላላት ከተማ የሚጠቅመው ሁለተኛው እንደሆነ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ምክንያቱም አንዱ አምቡላንስዎ ሕመምተኛ ይዞ ሆስፒታል በሚሄድበት ጊዜ የሚመጣው ሌላ ጥሪ «እርዳታ ልጠይቅ ወይስ መኪናው እስኪመለስ ልጠብቅ?» የሚል ውሳኔ ላይ መውደቅ የለበትም። ለዚህም ሁለቱ ከተሞች አንድ የጥሪና የስምሪት ማዕከል ቢኖራቸው ይመረጣል። ያ ካልተቻለ፣ ሁለቱ ማዕከሎች ተመሳሳይ ካርታ መያዝና የእያንዳንዱን መኪና ሁኔታ፣ ማለትም ነፃ መሆኑን ወይም በሥራ ላይ መሆኑን፣ በአንድ ጊዜ ማየት መቻል አለባቸው። በካርታው ላይ ወሰኑን የተከተለ መስመር ከማስመር ይልቅ፣ ከየጣቢያው ተነስቶ በመንገድ የሚፈጀውን ጊዜ የተከተለ ክልል መሥራት ይገባል። በወንዝ ወይም በባቡር ሐዲድ የተነጠለ ሰፈር ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከተማ ጣቢያ ይልቅ ለጎረቤቱ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሣሪያ ጉዳይ ነው፤ በምክር ቤት ውይይት ላይ እንደ ጥቃቅን ነገር ስለሚታለፍ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1904 የአሜሪካዋ ባልቲሞር መሀል ከተማ በእሳት ሲያያዝ፣ ከዋሽንግተን፣ ከፊላዴልፊያና ከሌሎች ከተሞች እርዳታ ደርሶላት ነበር። ነገር ግን ከመጡት የብዙዎቹ የውሃ ቱቦ መጋጠሚያ ከባልቲሞር ሃይድራንቶች፣ ማለትም በመንገድ ዳር ከተተከሉት የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃዎች፣ ጋር አልገጠመም፤ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችም ወደሙ። ከዚያ በኋላ ለመጋጠሚያዎች ብሔራዊ መለኪያ ቢወጣም ሁሉም ከተማ አልተከተለውም። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ 25 ሰዎች በሞቱበት የኦክላንድ ኮረብታዎች እሳት ላይም የከተማዋ ሃይድራንቶች መለኪያ ከሌሎቹ የተለየ ስለነበረ፣ ለእርዳታ የመጡ ሠራተኞች ያለ ማገናኛ ውሃ መቅዳት አልቻሉም። ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሁለቱን ከተሞች ሠራተኞች በአንድ ሜዳ ላይ አሰባስበው ቱቦውን ከቱቦ፣ ቱቦውን ከሃይድራንት እንዲያጋጥሙና በራዲዮ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ያድርጉ። በአምቡላንስም በኩል የኦክስጅን ጠርሙሱና የልብ ማስነሻው መገጣጠሚያዎች፣ እንዲሁም አልጋው በሌላው መኪና ውስጥ መቆለፍ መቻሉ በዚያው ቀን ይታያል።

በአደጋው ቦታ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የተለመደው፣ አደጋው የደረሰባት ከተማ ኃላፊ ጠቅላላውን ሥራ ሲመራ፣ የመጣው ቡድን ግን በራሱ አለቃ ሥር ሆኖ ትእዛዙን በዚያ አለቃ በኩል መቀበሉ ነው። ጎረቤት ቀድሞ ከደረሰ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ እርሱ ይመራል።

ጥያቄ፦ ወጪውን እንዴት እንካፈል? የጎረቤታችን የፋይናንስ ክፍል በእያንዳንዱ ጥሪ ልክ ክፍያ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል።

መልስ፦ በጥሪ ብዛት ብቻ መክፈል ለሒሳብ ቀላል ቢመስልም፣ እኔ አልመክረውም። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ወጪ መኪናው ሲወጣ የሚፈጀው ነዳጅ አይደለም፤ ማንም ሳይደውል ሌሊቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድን የሥራ ቦታ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ ለመሸፈን ከአራት በላይ ሰዎች ያስፈልጋሉ። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰብ ደግሞ ቁጥሩ አምስትን ያልፋል። ሁለት ባለሙያዎች የሚሳፈሩበት አንድ አምቡላንስ እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ አንድም ጥሪ ባይመጣ እንኳ ከአሥር በላይ ሠራተኞችን ይፈልጋል። የመተባበሩ ትልቅ ጥቅም የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው፤ ይህንን ቋሚ ወጪ ሁለት ከተሞች ሲሸከሙት አንዷ ብቻዋን ማቆም ያልቻለችው የሌሊት ፈረቃ ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ ቋሚው ወጪ አስቀድሞ በተስማሙበት መለኪያ፣ ለምሳሌ በሕዝብ ብዛትና ከአደጋ በሚጠበቀው ንብረት ግምት ተመዝኖ፣ በየዓመቱ ይመደብ። ለጥሪ የሚከፈለው እንደ ነዳጅ፣ የእሳት ማጥፊያ አረፋና መድኃኒት ላሉት አላቂ ነገሮች ብቻ ይሁን። በእያንዳንዱ ጥሪ ከፍ ያለ ሒሳብ የሚመጣባት ትንሽ ከተማ «ሁለተኛ መኪና ይጨመር» ለማለት ስታመነታ፣ የማመንታቱ ዋጋ የሚከፈለው በነዋሪው ቤትና ሕይወት ነው፤ ይህንን የሚያበረታታ የክፍያ ሥርዓት ምንም ያህል ለሒሳብ ቢመች ሊጸድቅ አይገባውም። ለእርዳታ የሄደ ሠራተኛ ቢጎዳ ካሳውን፣ መኪናው ቢሰበር ጥገናውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነም ይጻፍ፤ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ቀጣሪ ለራሱ ሠራተኛና ለራሱ መኪና ኃላፊ ሆኖ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ነዋሪዎቻችን በመጨረሻ የራሳችን ጣቢያ ይዘጋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው መሠረት አለውን?

መልስ፦ ስጋታቸው መሠረት አለው፤ በመግለጫ ብቻ ሊመለስም አይችልም። ትብብር ብዙ ደረጃ አለው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ስምንት የእሳት አደጋ አገልግሎቶቿን ወደ አንድ አገራዊ ተቋም አዋሕዳለች። በጃፓን የእሳት አደጋ ኃላፊነት የማዘጋጃ ቤቶች ሲሆን፣ አምቡላንሱንም የሚያንቀሳቅሰው ያው የእሳት አደጋ ተቋም ነው። ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች በጋራ ማኅበር ተደራጅተው አንድ ዋና መምሪያ ስለሚያቆሙ፣ ከ1,700 በላይ ለሆኑት ማዘጋጃ ቤቶች ያሉት ዋና መምሪያዎች ከ700 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ዋና መምሪያን ማዋሐድና ጣቢያን መዝጋት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን ነው፤ የጥሪ ማዕከሉ፣ ግዢው፣ ሥልጠናውና የጥገና ጋራዡ አንድ ሆነው ጣቢያዎቹ በየቦታቸው ሊቆዩ ይችላሉ።

ነዋሪዎቻችሁን የሚጠብቀው በውሉ ውስጥ የምታስገቡት አንቀጽ ነው። ጣቢያ የሚዘጋው ወይም የፈረቃ ሠራተኛ የሚቀነሰው በሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ብቻ እንዲሆን፣ ትንሿ ከተማ በጋራ ቦርዱ ላይ በሕዝብ ብዛቷ ብቻ ያልተወሰነ ድምፅ እንዲኖራት፣ ከጥሪ እስከ መድረስ ያለው ጊዜም በየሰፈሩ ተለይቶ በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ጠይቁ። አማካይ ጊዜ ብቻ ከቀረበ አይቀበሉት፤ መሀል ከተማው በፍጥነት ሲደረስለት ዳር ያለው ሰፈር መዘግየቱን አማካዩ ይሸፍነዋል። ጎረቤታችሁ መኪናዋን ወደ እናንተ ስትልክ የእርሷ ጣቢያ ባዶ እንዳይሆን ተተኪ ከየት እንደሚመጣ፣ እናንተም ስትልኩ እንዲሁ፣ በዝርዝር ይቀመጥ። ከስምምነቱ መውጣት የሚፈልግ ወገንም ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት አስቀድሞ እንዲያሳውቅና በጋራ የተገዙት መኪናዎች እንዴት እንደሚከፋፈሉ ይወሰን፤ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛ ቀጥሮና አሠልጥኖ የራስን ፈረቃ እንደገና ማቆም አይቻልምና።