በጭንቅላት ጉዳት የሞተ ሰው፦ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ አንዲት የ74 ዓመት አዛውንት ቤታቸው ውስጥ ከደረጃ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመቱ። በሦስተኛው ሳምንት ሰብዱራል ሄማቶማ (በአንጎልና በሽፋኑ መካከል የተጠራቀመ ደም) ተገኘባቸው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሳንባ ምች ይዟቸው አረፉ። ሐኪሙ የሞት ምክንያት «የሳንባ ምች» ብሎ ሞላ፤ የሞት ምክንያቶችን ለስታቲስቲክስ ወደ ኮድ የሚለውጠው ኮድ ሰጪ ቅጹን መለሰበት። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ኮድ ሰጪው። የሳንባ ምቹ በመጨረሻ የመጣ ችግር ነው፤ መነሻው አይደለም። መነሻ የሞት ምክንያት የሚባለው ወደ ሞት የወሰደውን ሰንሰለት የጀመረው በሽታ ወይም ጉዳት ነው። ሞቱ በአደጋ ወይም በጥቃት ሲሆን ግን ጉዳቱን ያደረሰው ሁኔታ ራሱ መነሻ ይሆናል።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ቅጽ ክፍል 1 እንዲህ ይሞላል፦ «ሀ» ላይ የሳንባ ምች፣ «ለ» ላይ በጉዳት የመጣ ሰብዱራል ሄማቶማ፣ «ሐ» ላይ በመኖሪያ ቤት ከደረጃ መውደቅ። በየመስመሩ ትይዩ እያንዳንዱ ከጀመረ እስከ ሞት ያለፈው ጊዜ ይገባል። ሟቿ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ይወስዱ ከነበረ መድኃኒቱም የታዘዘበት ሕመምም ለሞቱ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሌሎች ነገሮች በሚጻፉበት በክፍል 2 ላይ ይሰፍራሉ። «ልብና መተንፈስ ቆመ» የሚለውን ግን ተዉት፤ ማንም ሲሞት የሚሆን ነገር ስለሆነ ለኮድ ሰጪው አንዳች አይነግረውም።

በአይሲዲ 10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ኮድ ዝርዝር) ይህ ሞት ሁለት ኮድ ይይዛል፦ መነሻው ደብሊው10 (ከደረጃ መውደቅ)፣ የጉዳቱ ዓይነት ደግሞ ኤስ06.5። «ወደቀች» ብቻ ከተጻፈ ደብሊው19 ይሆናል፤ ከየት እንደወደቁ ይጠፋል። ከዚህ የከፋው ሄማቶማው ብቻ ተጽፎ ጉዳትም ውድቀትም ሳይነሳ ሲቀር ነው። ያኔ ኮዱ አይ62.0 ይሆንና ሞቱ ከአደጋ መዝገብ ወጥቶ ከደም ሥር በሽታዎች ጋር ይቆጠራል። አደጋን ለመከላከል የሚሠሩ ሰዎች የሚያዩት ይህንኑ መዝገብ ስለሆነ የስሕተቱ መዘዝ ቀላል አይደለም።

ሐኪሙ ውድቀቱን የሚዘነጋበት ምክንያት አለው። በዕድሜ አንጎል ሲቀንስ ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚሻገሩት ደም መላሾች ይወጠራሉ፤ በትንሽ ምት ተበጥሰው ቀስ እያሉ ይደማሉ። ምልክቱ ሳምንታት ዘግይቶ ግራ መጋባት ወይም የአንድ ወገን መዛል ሆኖ ስለሚመጣ ስትሮክ ይመስላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የደሙ ጥላ በሲቲ ስካን ከአንጎሉ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ስለዚህ የአንጎሉ እጥፋቶች በአንድ ወገን መጥፋታቸውንና መሐል መስመሩ መገፋቱን ፈልጉ፤ ቤተሰቡንም «ባለፉት ሁለት ወራት ወድቀዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «የመኪና አደጋ፣ የጭንቅላት ጉዳት» ብሎ መጻፍ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ከዚህ የሚወጣው ቪ89.2 እና ኤስ09.9 ነው፤ ሁለቱም «በዝርዝር አልታወቀም» ማለት ናቸው። ሟቹ እግረኛ፣ ነጂ ወይስ ተሳፋሪ? የገጨው ምንድን ነው? በመንገድ ላይ ነው? «እግረኛ፣ በመንገድ ላይ በአውቶሞቢል ተገጭቶ» ከተባለ ቪ03.1 ይሆናል። ጉዳቱንም በስሙ ጥሩት፦ የራስ ቅል መሠረት ስብራት ኤስ02.1፣ ኢፒዱራል ደም (በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል የፈሰሰ) ኤስ06.4፣ የተበታተነ የአንጎል ጉዳት ኤስ06.2። ይህ የተበታተነ ጉዳት፣ ሲቲ ስካኑ ጤናማ መስሎ ሳለ ሰውዬው ከአደጋው ቅጽበት ጀምሮ ራሱን ስቶ ሲቀር የሚጠረጠር ነው። ድርጊቱ ሆን ተብሎ ይሁን በአደጋ ሳይጣራ ግን አትገምቱ፤ ምርመራው መለየት ካልቻለ ከዋይ10 እስከ ዋይ34 ያለው ክፍል ለዚሁ ተዘጋጅቷል።

ጥያቄ፦ ሱብአራክኖይድ ደም (አንጎልን በቅርብ በሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል የፈሰሰ) ተገኘ፤ ሰውዬው ወድቆም ነበር። ደሙ ጣለው ወይስ ውድቀቱ አደማው?

መልስ፦ ደሙ ያለበትን ቦታ እዩ። በአንጎል ሥር፣ በደም ቧንቧዎቹ ክብ ዙሪያ ከተጠራቀመ ያበጠ ቧንቧ መፈንዳቱ ይጠረጠራል፤ ከላይ ባሉት እጥፋቶች ውስጥ ከሆነ ወደ ጉዳት ያደላል። ይህ ግን ፍርድ አይደለም፤ በአንገት ላይ የሚያርፍ ምት የአከርካሪን ደም ቧንቧ ቀድዶ ደሙን በአንጎል ሥር ሊያከማች ይችላል። በሕይወት ሳለ የደም ቧንቧዎቹ ሲቲ ስካን ይነሳ። አስከሬን ሲመረመር አንጎሉ ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚያቆይና የሚያደርቅ ፈሳሽ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደሙ ታጥቦ ቧንቧዎቹ ይታዩ፤ ደሙ ከደረቀ በኋላ የፈነዳውን ነጥብ ማግኘት በጣም ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በሞተር ሳይክል አደጋ ራሱን ስቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የሞተስ?

መልስ፦ አደጋው አሁንም መነሻ ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ካለፈ ግን ኮዱ ወደ ዘግይቶ መዘዝ ይዞራል፦ ዋይ85.0 እና ቲ90.5። ለዚህ የአደጋው ቀን ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት።