ላፕቶፓችሁ ለምን ይግላል? ዛሬ ጠይቁኝ

አዲስ አበባ ላፕቶፕ ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ እሑድ ነው፣ ሱቅ አልከፍትም፣ እስከ ማታ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የላፕቶፑን ዓይነት፣ ዕድሜውንና ምን ስትሠሩ እንደሚግል ጻፉ። አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የምትከፍቱት ከሆነ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑ ሲነሳ ደግሞ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ንቀሉ።

ከባሕር ዳር፦ ላፕቶፔ በጣም ይግላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዓይነቱ? ዕድሜው? ምን ስትሠራ?

ቪዲዮ ኤዲተር፦ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ነው፣ ኢንቴል አይ 7፣ 5 ዓመቱ። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ሙቀቱ 98 ይደርሳል። ከዚያ መንቀርፈፍ ነው። በብሎወር ከውጭ አስነፋሁት፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። አብዛኞቹ የኢንቴል የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ገደባቸው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ሲጠጉ እንዳይቃጠሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የሚንቀረፈፍብህ ለዚህ ነው።

ብሎወሩ ለምን እንዳልረዳህ ልንገርህ። ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ በመዳብ ቱቦ ተጉዞ ጠርዙ ላይ ወዳለው ሂት ሲንክ ይሄዳል። ሂት ሲንኩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠጋጉ ስስ ብረቶች ናቸው። ፋኑ አየሩን የሚገፋው በነሱ መሀል ነው። አቧራው የሚጠራቀመው ታዲያ ከውስጥ በኩል፣ በፋኑና በጥርሶቹ መካከል ነው። ከውጭ ስትነፋው ወደ ኋላ ትገፋዋለህ፤ ፋኑ ሲነሳ መልሶ እዚያው ይለጥፈዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ከፈትኩ። አቧራውን በፒንሳ ይዤ ስስበው አንድ ላይ ተገምሶ ወጣ። ግራጫ፣ የጣት ርዝመት ያለው፣ ልክ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ። ጸጉርና የጋቢ ክር ሳይቀር ነበረበት። ባለቤቱ ፔስት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ 2 ጊዜ አስቀይሯል። ፋኑን ፈቶ ያየለት ግን አንድም ሰው የለም! አቧራው ሳይወጣ ፔስት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ስለዚህ ባትሪው ይነቀል፣ ፋኑ ይፈታ፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይውጣ። የግድ ብሎወር ከሆነ ፋኑ እንዳይሽከረከር በስቲኪኒ ያዘው። ከዚያ በኋላ ነው ፔስት። አሮጌውን በአልኮል ጥረግ፣ አዲሱን የምስር ፍሬ ያህል አድርግ፣ በቃ።

ከሐዋሳ፦ ፔስት ውድ ነው። ጓደኛዬ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ ሠርቶለታል።

ከመቀሌ፦ እውነት ነው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። ወዲያው ቀዘቀዘ።

ቪዲዮ ኤዲተር፦ ጓዶች፣ በናታችሁ አታሳስቱን።

መልስ፦ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ስላለው። በጥቂት ቀን ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ ከበፊቱ የባሰ ነው። ይህን ጥያቄ ደግሜ አልመልስም።

ከጅዳ፦ ፍሪጅ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ባስገባውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሲወጣ ውስጡ ላይ ውሃ ያቋጥራል። መኪና ውስጥም አትተወው።

ከድሬዳዋ፦ እናንተ አዲስ አበባ በብርድ ተቀምጣችሁ ስለ ሙቀት ታወራላችሁ። እዚህ ከሰዓት ክፍሉ ራሱ 35 ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እውነቱን ነው። ሸገር ላይ ላፕቶፕ አይግልም።

ከድሬዳዋ፦ በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም የለም።

ከአዲስ አበባ፦ መብራትማ እዚህም ይጠፋል ወንድሜ። ትናንት ሙሉ ቀን አልነበረም።

መልስ፦ የመብራቱን ነገር ለሌላ ቀን። «ሸገር ላይ አይግልም» የሚለውን ግን ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ ነው ማለት ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያነሰ ነው። የክፍሉ ብርድ ያካክሰዋል፤ አቧራ ሲጨመርበት ግን ብርዱ አያድነንም። ድሬ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ አየሩ ወፈር ይላል፣ ግን ሲገባም ሞቆ ነው የሚገባው። ሁለታችሁም በዓመት አንዴ አስጠርጉ። አንተ የድሬው፣ ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት አድርገው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፦ ልጄ፣ አልጋ ላይ ጋቢ ለብሼ ነው የማነበው። ይግላል።

መልስ፦ መምህር፣ ጋቢው የታችኛውን የአየር ማስገቢያ ይዘጋዋል። ትሪ ወይም ጠንካራ ሰሌዳ ከሥሩ ያድርጉ። እርስዎ ምንም መክፈት አያስፈልግዎትም።

ከዋሽንግተን፦ ኤም 1 ማክቡክ ኤር አለኝ። ፋኑ ድምፅ የለውም፣ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፋን የለውም። ሲሠራም ያለ ፋን ነው።

ከባሕር ዳር፦ የኔ አልተመለሰም። በጣም ይግላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓይነቱን፣ ዕድሜውን፣ ምን ስትሠራ እንደሚግል። 3 ነገር ነው የጠየቅኩህ።

የሕግ ተማሪ፦ የኔ ብዙ አይግልም፣ ግን ከሰሞኑ የማውሱ ሰሌዳ አልጫን ብሏል። ክዳኑም አልገጥም አለኝ። ፔስት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ተዪው። ጠረጴዛ ላይ አድርጊውና ከጎን እዪው። መሀሉ አብጧል?

የሕግ ተማሪ፦ አዎ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል። ቻርጅ ላይ ነው ያለው።

መልስ፦ አሁኑኑ ቻርጀሩን ንቀዪና አጥፊው። ባትሪው ነው ያበጠው። አትጫኚው፣ አትብሺው፣ ራስሽ እንዳትከፍቺው። እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አልጋና መጋረጃ አጠገብ አይሁን። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አድርጊው፣ ነገ ጠዋት ባለሙያ ጋ ውሰጂው።

የሕግ ተማሪ፦ እሺ። ነቀልኩት። በረንዳ ላይ አደረግኩት።

መልስ፦ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ይሁን። ጽሑፍሽ ሌላ ቦታ ተቀምጧል?

የሕግ ተማሪ፦ ፍላሽ ላይ አለ።

መልስ፦ እንግዲያው እስኪቀየር ድረስ አታብሪው።