ገናን ወደ መንዝ ለምትወጡ

ልጆቼ፣ ታኅሣሥ ሲገባ የዘመድ ልጆችና ከእኔ ጋር የሠሩ ወጣቶች መደወል ይጀምራሉ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ገናን ልጆቹን ይዘን አገር ቤት ልንወጣ ነው፤ ለሰዉ ምን ይዘን እንሂድ?» ይሉኛል። ዕድሜዬን በሰሜን ሸዋ ደጋ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ነው የፈጀሁት። ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ በግ ብቻ ነበር። አሁን ስለ ሰውም ሆኗል፤ ሹመት ነው! ለሁላችሁም በአንድ ልጻፈው።

መንገዱን ባጭሩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በር ላይ ትታጠፉና በመዘዞ አድርጋችሁ ወደ መሐል ሜዳ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋግጡ። ልጆቹን ደረብ አድርጋችሁ አልብሱ። የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኙት።

መንዝ ውስጥ ጓሳ ከሚባለው ሣራማ ደጋ ስትደርሱ ውረዱና ልጆቹ እግራቸውን ያፍታቱ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ታያላችሁ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮም ብቅ ይላል። ልጆች ወዲያው ብስኩት መወርወር ያምራቸዋል። ከልክሏቸው። ጭላዳ ኑሮው ሣር ነው፤ ብስኩቱ ደስ የሚያሰኘው ወርዋሪውን ነው። እግረ መንገዳችሁንም የጓሳን ሣር ነገር ንገሯቸው። ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋውና ጊዜው ሲደርስ ተስማምቶ ይከፍተዋል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆነውን ሁሉም በወግ ያጭዳል። ማንም ለማንም አልመጸወተም፤ ሁሉም ግን አገኘ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ እንደሚገባኝ መስጠት የሚጀምረው በግ ተራ ላይ ነው።

የበዓል ሰሞን ገበያ ውስጥ ቆማችሁ ገበሬውን እዩት። በጉን ይዞ የተነሳው ሌሊት ነው። እሱም ለበዓሉ ቡና፣ ዘይት፣ በርበሬ መግዛት አለበት፤ ለዚያ ነው የሚሸጠው። በጉ ቀኑን ሙሉ ሣር አልቀመሰም፤ ሆዱ ገብቷል። ሳይሸጥ ቢቀር ያንኑ ዳገት መልሶ ሊነዳው ነው። ይህን የሚያውቅ የከተማ ገዢ ገበያው ሊበተን ሲል ይመጣል። ወገቡን ጨበጥ ያደርጋል፣ ላቱን በእጁ ያነሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል። ከዚያ «ይሄማ ምን በግ ነው፣ ውርጋጥ!» ብሎ ዋጋ ይጥላል። የመንዝ በግ ዘሩ ትንሽ ነው። ጸጉሩ በርኖስና ዝተት የሚሠራበት፣ ብርዱን የቻለ በግ ነው፤ ቁመቱን አይታችሁ አታጣጥሉት። ገበሬው በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ይሸጥለታል። ገዢው በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ 500 ብር ሲመጸውት ታዩታላችሁ። ያ 500 ብር ትናንት ከገበሬው ኪስ የወጣ ነው።

ተከራከሩ፤ ክርክር የገበያ ወግ ነው፣ ገበሬውም ይጠብቀዋል። ግን ጠዋት ሂዱ፣ የቀኑን ዋጋ ጠይቁ፣ በዚያው ግዙ። ለዘመድ የምትሰጡትን ከማያውቃችሁ ገበሬ ነጥቃችሁ አትስጡ።

ሁለተኛው ጣጣ ዶሮ ነው። ብዙ ሰው አንድ ዶሮ አንጠልጥሎ የዋዜማው ማታ ይደርሳል። ስጦታው ያማረ ይመስለዋል። ወጡን የምትሠራው እናት ግን አንድ ዘንቢል ሽንኩርት ያስፈልጋታል። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ማገዶም አለ። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ልትበደር ጎረቤት ትዞራለች፤ ጎረቤቷም ያላት ለራሷ ነው። ስለዚህ ቀደም በሉ። ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለቆየ ዘይት፣ ቡና፣ ስኳር በዓሉ ሳይደርስም ሥራ ላይ ይውላል። ቀኑንም አትሳቱ፦ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይሆናል።

«ምን ጎደለ?» ብላችሁ ባለቤቶቹን ብትጠይቁ መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ። «ምንም አልጎደለንም፣ ብቻ እናንተ በሰላም ኑልን» ነው። ይሉኝታ ነው። ጎረቤት ጠይቁ፤ ወይ ከተማ የሚማረውን ልጃቸውን። እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

አቅም ኖሯችሁ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናትን መርዳት ካሰባችሁ ደግሞ የሙያዬን ልምከር። ሙክቱ ይቅርና ሴት በግ ስጧት። አውራ በግ ካጠቃት በአምስት ወር ትወልዳለች። ከዚያው ከደጋው ግዙላት፤ ከቆላ የመጣች ብርዱን አትችለውም። ከፊታችሁ በጋ ስለሆነ ድርቆሽም ጨምሩ፤ በግ ሰጥቶ ድርቆሽ መርሳት ያው ዶሮ ሰጥቶ ሽንኩርት መርሳት ነው። እረኛ አላት ወይ የሚለውንም አጣሩ። ልጆቿ ትምህርት ቤት የሚውሉ ከሆነ በጓ ሸክም ትሆንባታለች፤ ያኔ እህል ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ከወለጋና ከሌላም አካባቢ ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ወገኖች አሉ። የዚያን ከተማ ብርድ በስስ ልብስ የሞከረ ያውቀዋል፤ ብርድ ልብስ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ከመኪና መስኮት አትበትኑ፤ ጉልበት ያለው ይወስደውና አሮጊቷ ባዶ እጇን ትቀራለች። እዚያ ዕለት ዕለት የሚያገለግሉ ሰዎች አሉ፤ በእነሱ በኩል ስጡ።

ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ፤ ስብከቱን ለካህናቱ ልተወው። እኔ የማስበው ልጁን ነው። ዛሬ ደብተር ስትሰጡት ፎቶ ያነሳችሁት ልጅ ነገ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የዶርም ጓደኞቹ ያንን ፎቶ አግኝተው ሲሳሳቁበት አስቡት።

ደግሞ የሚሰጣችሁን ተቀበሉ። ይህ ለእናንተ ትውልድ ከመስጠቱ ይከብዳል መሰለኝ። ጠላው ይቀዳል፣ ቆሎው ይቀርባል፣ ድፎው ይቆረሳል። «በልተን ነው የመጣነው» አትበሉ፤ የማይበላ እንግዳ ባለቤቱን ያስጨንቃል። ስትወጡ በፌስታል በሶ ቋጥረው ይሰጧችኋል። «አይ፣ ለእናንተ ይሁን» ማለት ደግነት ይመስላችኋል፤ ለእነሱ ግን «እናንተ ምን አላችሁና» እንደማለት ነው። ልጆቻችሁ እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉ፣ «እግዜር ይስጥልን» ይበሉ። በሶውንም አዲስ አበባ ገብታችሁ ብሉት እንጂ ጓዳ ውስጥ አታስነቅዙት።

አንድ የቀረኝ ልብስ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ከገና እስከ ጥምቀት ሁለት ሳምንት አይሞላም። የአገር ቤት ልጅ አዲሱን ልብሱን የሚያሳየው ታቦት ሲወርድ ነው። ልጆቻችሁ የጠበባቸውን አሮጌ ጠቅልላችሁ አትውሰዱ፤ አንድም ቢሆን አዲስ ይሁን። ጫማ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቁጥር የማያውቁ ከሆነ የልጁን እግር በክር ይለኩና ክሩን ከተማ በሚመጣ ሰው ይላኩላችሁ።