«ሲያልፍልኝ እመለሳለሁ» ላለችው እህት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው። ባለቤቴ ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ቤታችን ተናግቷል። በጎቹንም በሬዎቹንም ሸጥን። ለሕክምናው ብለን ከተማ ገብተን አሁን በኪራይ ቤት ነን። እዚህ እንደመጣሁ የእመቤታችን ማኅበር ገብቼ ነበር። በየወሩ በ21 እንሰበሰባለን። የመደገስ ተራዬ ሲደርስ ግን ምንም አልነበረኝም። አፍሬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምንሰበሰብበትን ሰንበቴውንም ትቻለሁ። ቅዳሴ ብሄድም በር ላይ ቆሜ፣ ሰው ሳያየኝ እመለሳለሁ። አንዳንዴ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኛል። የሠራሁት ኃጢአት ይኖር ይሆን? ቤቴ ሆኜ ብጸልይ፣ ስብከቱን በዩቲዩብ ብሰማ፣ ሲያልፍልኝ ደግሞ ብመለስ ምን አለበት?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ለባለቤትሽ ምሕረቱን ይላክለት። ለአንቺም ብርታቱን ይስጥሽ።

ስለ ጾሙ፣ ስለ ስግደቱ፣ ስለ ጸሎት ሰዓቱ አልነግርሽም። ይህን ከእናትሽ ቤት ይዘሽው መጥተሻል። እኔን ያስጨነቀኝ መጨረሻ ላይ ያልሽው ነው። ሲያልፍልኝ እመለሳለሁ። ይህን ስንቱ ነግሮኛል! ንግዱ የከሰረበት ነጋዴ ብሎኛል። ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ብሎኛል። ልጇ ሱስ ውስጥ የገባባት እናት ጎረቤት እንዳያውቅባት ብላ ከአጥቢያዋ ቀርታለች። ደብረ ብርሃን በነዚህ ዓመታት ብዙ ተፈናቃይ ተቀብላለች። ከነሱም መሐል «በዚህ ልብሴ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?» ያለኝ አለ። ስለዚህ ጥያቄው ያንቺ ብቻ አይደለም። መልሱንም ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኃጢአቱ። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያይ ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁት። የመለሰላቸው እርሱም ወላጆቹም እንዳልሠሩ ነው (ዮሐ. 9፥3)። ንስሐ ለሁላችንም ነው። ለደላውም ለቸገረውም። አንቺም ግቢ፣ እኔም እገባለሁ። የባለቤትሽን ኩላሊት ግን ከኃጢአትሽ ጋር አታያይዢው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው «ይህ የደረሰብህ በኃጢአትህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ነው የተበላሹት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው እነሱን ነው። ማንም ሰው መጥቶ የኢዮብን ወዳጆች ቃል ቢነግርሽ አትቀበዪው። ራስሽም ለራስሽ አትንገሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። «ሲያልፍልኝ» የሚለው ሐሳብ ትሕትና ይመስላል። ገልጠሽ ስታይው ግን ቤተ ክርስቲያን የደላቸው ሰዎች ቤት ናት፣ ችግርተኛ ችግሩን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው የሚል ነው። እንዲህ ከሆነማ በቅዳሴያችን ስለ ታመሙት፣ ስለ ተጨነቁት፣ በመንገድ ስላሉት ለምን እንጸልያለን? ዳዊትስ እግዚአብሔር ልባቸው ለተሰበረ ቅርብ ነው ያለው ለማን ነው? ልቡ የተሰበረ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ እየተመለሰ፣ ልቡ ያልተሰበረው ብቻ መሐል ከቆመ፣ አንድ ነገር ተገለባብጧል ማለት ነው።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትፈልግ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ። ብላቴናውን እንኳ ቤርሳቤህ ላይ ትቶት ነው ብቻውን የሄደው። ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ይህ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። እግዚአብሔር ምን አደረገው? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። እንቅልፍ ሰጠው። መልአኩ ቀሰቀሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በልቶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ቀሰቀሰው፣ ዳግመኛ በላ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮሬብ የተጓዘው (1ኛ ነገ. 19)። እኔ ይህን ታሪክ ስብከት ላይ ሳነሣው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በኮሬብ የሰማውን ትንሹን የዝምታ ድምፅ ነው። እንጎቻውን ይረሱታል። ሌላም የሚረሳ አለ። ኤልያስ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ ሁለት ጊዜ ሲያማርር እግዚአብሔር የመለሰለት ሰው በመስጠት ነው። ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች አሉኝ አለው። ሂድና ኤልሳዕን ቀባው አለው። ኤልሳዕም ተከተለው፣ አገለገለውም። ብቸኝነቱ ሲያልፍለት ወደ ሰው ተመለስ አልተባለም። ገና በልቡ ሐዘን ሳለ ነው ወደ ሰው የተላከው።

ቤቴ ሆኜ ብጸልይስ ላልሽው፣ ጸልዪ እንጂ! ማን ይከለክልሻል? ስብከቱንም ስሚ፣ እኔም በዚያው በስልክ ከሚሰሙት ሰዎች አንዱ ነኝ። ግን ዩቲዩብ አንቺ መቅረትሽን አያውቅም። ባለቤትሽ ሌሊት ሲያቃስት መጥቶ በር አያንኳኳም። ሐዋርያው መሰብሰባችንን አንተው ያለው (ዕብ. 10፥25) ስደትና ዘረፋ ላይ ለነበሩ ክርስቲያኖች ነው። ንብረታቸው ተወስዶ ነበር፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ ጽፎታል። ለተዘረፉ ሰዎች ነው አትለያዩ ያለው።

መንዝ ያደግሽ ነሽና ታውቂዋለሽ። ብርዱ ሲጠና በግ ይጠጋጋል፣ አይበታተንም። የተነጠለችዋን ጅብ ይወስዳታል። እኔ በዚህ አገልግሎት ያየሁት ይህንኑ ነው። ሰው ከአጥቢያው ሲነጠል መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ጎረቤት አንዲት «አዋቂ» ትጠቁመዋለች። «መተት ተደርጎብሃል፣ እገሌ የምትባል ዘመድህ ናት» ይባላል። ያለችው ጥቂት ብር እዚያ ትሄዳለች። ከዘመዱም ይጣላል። እንዲህ ሆነው የመጡትን ስጠይቃቸው፣ ወደ ጠንቋይ ከመሄዳቸው በፊት ለንስሐ አባታቸው ችግራቸውን የነገሩ አላገኘሁም። ሁሉም አፍረው ነው።

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሄደሽ ከሆነ አንድ ነገር አይተሻል። እዚያ ሰው ሕመሙን ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ይናገራል። ቆሎውን ዘርግቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ይቆረጥማል። «እግዚአብሔር ይማርህ» ይባባላል። ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ግን አፉን ይዘጋል። ለምን? ያው ክርስቲያን ነው እኮ እዚህም ያለው። (በነገራችን ላይ፣ ባለቤትሽ ጠበል ቢጠመቅም ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ። ሲራክ ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። በዚህ ጉዳይ ድርድር የለኝም።)

ወደ ማኅበሩ ልምጣ። እዚህ ላይ የምናገረው ለአንቺ ብቻ አይደለም።

ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ ከአባቶቻችን ቤት አይተነዋል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፣ ይቆርሳል። ጠላው ይዞራል። ነዳያን ይካፈላሉ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ጎተራው ባዶ በሆነበት ክረምት ተራው የደረሰበት ሰው ንፍሮ ቀቅሎ ያቀርባል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ዛሬ ከተማ ውስጥ ምን ሆነ? ተረኛው በግ ካላረደ፣ ቢራ በሳጥን ካልደረደረ ያፍራል። ለአንድ ቀን ዝክር የሚበደር አለ። ከዚያ ያቃተው ሰው ቀስ ብሎ ይጠፋል። ማኅበሩም «እገሊት ጠፋች» ብሎ ያልፋል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን፣ አንዳችም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ የወቀሳቸው (1ኛ ቆሮ. 11፥22) ለዚሁ ነው። እመቤታችን በ21 የሚታረድ በግ አልጠየቀችም። ምስኪኗ እህት በማዕዷ ዙሪያ እንዳትታጣ ግን ትፈልጋለች።

አንቺንም በፍቅር ልገሥጽሽ። ማኅበርተኞችሽ ችግርሽን ያውቃሉ? ባለቤትሽ መታመሙን ነግረሻቸዋል? የምትኖሪበትን ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው አለ? የለም ብዬ እገምታለሁ። በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፣ ሕዝቡ ቢበዛባቸው ጣራ ነድለው አወረዱት። ወንጌሉ ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ ነው የሚለው (ማር. 2፥5)። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሽባው አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈም። የተሸከሙት ሰዎች እምነት ነው የታየው። አንቺ እስከ ዛሬ ተሸካሚ ነበርሽ። በመንዝ ሳለሽ የስንቱን ለቅሶ ደርሰሻል፣ ስንቱን ሐራስ ጠይቀሻል፣ ለስንቱ ዝክር ጠላ ጠምቀሻል። አሁን የመሸከም ተራሽ አይደለም። የሸክሙ ተራ የሌሎች ነው። እሱን ከከለከልሻቸው ደግሞ በረከቱን ትከለክያቸዋለሽ። የአንዱን ሸክም አንዱ ይሸከም የተባለው ትእዛዝ (ገላ. 6፥2) የሚሸከም ሰው እንዳለ ሁሉ ሸክሙን የሚሰጥም ሰው ይፈልጋል።

ከኛው አገር አንድ ነገር ላስታውስሽ። ደብረ ሊባኖስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ዲያቆናቱ ተረሽነዋል። ዛሬ ሂጂ፣ ይቀደስበታል። ከእሳቱና ከጥይቱ በኋላ የተረፉት፣ ቤቱ ዳግም እስኪሞላ ጸሎቱን እናቆየው ብለው ቢሆን ኖሮ አንቺም እኔም በ24 የምንሳለመው ደጅ አይኖርም ነበር።

እንግዲህ የማዝሽን ስሚ። የፊታችን እሑድ ቅዳሴ ሂጂ። ነጠላሽን ዓይንሽ ድረስ ስበሽ በር ላይ አትቁሚ። ገብተሽ ከሴቶቹ ጋር ቁሚ። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ሕዝቡን ሳያሰናብት አትውጪ። ከዚያ ወደ ሰንበቴው ግቢ። ባዶ እጅሽን ግቢ። «የት ጠፋሽ?» ይሉሻል። እሷን ጥያቄ ፈርተሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «ባለቤቴ ታሞብኝ ነው፣ እጄም አጥሮኝ አፍሬ ነው» በይ። ከዚህ በላይ ማብራራት የለብሽም።

ለንስሐ አባትሽ በዚሁ ሳምንት ንገሪያቸው። ቅዱስ ያዕቆብ ከእናንተ የታመመ ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ብሏል (ያዕ. 5፥14)። ጥሪው ከታመመው ቤት ነው የሚጀምረው። ቤት ድረስ መጥተው ለባለቤትሽ ጸሎተ ቀንዲል፣ ሕሙማን በዘይት የሚቀቡበትን ጸሎት፣ እንዲያደርሱለት ጠይቂያቸው። እዚህ አዲስ ሆነሽ የንስሐ አባት ካልያዝሽ፣ ከአጥቢያሽ ካህናት አንዱን ከቅዳሴ በኋላ ያዢና «አባቴ፣ የንስሐ ልጅዎ ልሁን» በይ። ለማኅበሩ ሙሴም፣ ለሰብሳቢው ማለቴ ነው፣ ተራዬን አሳልፉልኝ በይው። ቆሎና ውኃ ይዤ ልቀበል ብትይም ይቻላል። እምቢ የሚል ማኅበር ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ እሳቸው ያነጋግሩታል።

ማኅበር የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ከዝርዝራችሁ ላይ የጠፋ ስም ካለ ወሩ 21 ሳይሞላ ሁለት ሆናችሁ ቤቱን ፈልጉ። ስለ ቀረ ድግስ አታንሡ። በሽተኛ ካለ ሐኪም ቤት የሚሄድበትን ቀን ጠይቁና፣ እንደ ጽዋው ሁሉ አብሮት የሚሄደውን ሰው በተራ መድቡ።