«ዋስ» ይቀነሳልን?

ጥያቄ፦ የችሎት ጸሐፊ ነኝ። በአንድ ዜና ላይ «ፍርድ ቤቱ የተከሳሹን ዋስ ከ50 ሺህ ወደ 20 ሺህ ብር ቀነሰ» የሚል አነበብሁና ምንም ስሕተት አላየሁበትም። ባልደረባዬ ግን «ዋስትናውን ቀነሰ» መባል ነበረበት ይላል። ማንኛችን ነን ትክክል? «የዋስ መብት» እና «የዋስትና መብት» የሚባሉትስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁለት አንዳችሁን ማስደሰት ብችል ጥሩ ነበር፤ ለእኔ ግን ሁለታችሁም ስታችኋል።

ዋስ ሰው ነው። ግእዝ «ዋሕስ» ይለዋል፤ ትግርኛም ሐውን ሳይጥል እስከ ዛሬ «ዋሕስ» እያለ ይጠራዋል፤ አማርኛ እንደ ልማዱ የጉሮሮውን ድምፅ ውጦ «ዋስ» አደረገው። በሦስቱም ቋንቋዎች የቃሉ መነሻ ለሌላው ቃሉን የሚሰጥ፣ ያ ሌላው ቢጠፋም ዕዳው የሚተርፈው ሰው ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በስድስተኛው ምዕራፍ በገዛ አፉ ቃል ስለ ተጠመደው ዋስ ሲናገርም የሚያስጠነቅቀው ሰውን ነው። በቀድሞው ሙግት «ዋስ ጥራ» የተባለ ተሟጋች የሚጠራው የሰው ስም ነበር፤ ዋስ ያጣ ደግሞ ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበርና «ቁራኛ» የሚለው ቃል ያንን ዘመን ዛሬም ያስታውሰናል። ሰው ደግሞ ከ50 ሺህ ወደ 20 ሺህ አይወርድም፤ ቢበዛ ከሁለት ዋሶች አንዱ ይቀነስ ይሆናል።

«ዋስትና» የዋሱ ግብር ስም ነው፤ «ጥብቅና» የጠበቃ፣ «ሽምግልና» የሽማግሌ እንደሆነው ሁሉ። (በ«ባልትና» ውስጥ ያለችው ት ከ«ባልቴት» የመጣች ናት፤ በ«ዋስትና» ውስጥ ያለችው ግን በሥሩ የሌለች እንግዳ ናት። ስለዚህ እኔን «ዋስነት» ይበልጥ ያምረኛል፤ የሚከተለኝ ባይኖርም።) ይህም ቢሆን አይቀነስም፤ ግዴታው ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን እንዲቀርብ ነውና፣ ወይ ይቀርባል ወይ ይቀራል። የሚቀነሰው፣ ሳይቀርብ ቢቀር ለመንግሥት ገቢ የሚሆነው ገንዘብ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 69 ፍርድ ቤቱ ይህን ልክ ሲወስን የክሱን ከባድነት፣ ተከሳሹ የመቅረቡን ነገር፣ መፈታቱ በሕዝብ ጸጥታ ላይ ሊያመጣ የሚችለውን አደጋ፣ እንዲሁም የተከሳሹንና የዋሶቹን ሀብት እንዲመለከት ያዝዛል። እንግዲህ ተከሳሹ «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ አመልክቶ ሲሰማለት የሚወርደው ልኩ ብቻ ነው፤ በቀጠሮው የመቅረቡ ግዴታ እንደ ነበረ ይቆያል። ስለዚህ «የዋስትናው ገንዘብ ተቀነሰለት» ይጻፍ።

ገንዘቡ ራሱ ዋስ ሆኗል የሚሉ አሉ፤ ተከሳሹ ማንንም ሳይጠራ ብር አስይዞ ይወጣ የለም ወይ ነው ክርክራቸው። ለሚያዝ ነገር አማርኛ «መያዣ» የሚል ቃል ካለው ቆይቷልና ዋስን ከሰውነት አውርዶ ገንዘብ ማድረግ ምን አስፈለገ? ሆኖም ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የቆመ ቤተሰብ «በሰው ዋስ ነው ወይስ በገንዘብ ዋስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «በመታወቂያ ዋስ ወጣ» ሲባልም የሚደነግጥ የለም። መታወቂያ ዋስ ከሆነ ብርን የምከለክልበት ጉልበት እንደሌለኝ ሳልወድ አምናለሁ።

በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ግን አልለዝብም። «የዋስ መብት» በሰዋስው መንገድ የዋሱ መብት ነው እንጂ የታሳሪው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ያስቀመጠው «በዋስ የመፈታት መብት» ብሎ ነው፤ «በ» ዋሱን መፍቻ፣ ታሳሪውን ባለመብት ታደርጋለች። «መፈታት» መባሉም ደስ ይለኛል፤ የታሰረ ይፈታል፤ የሚለቀቅስ ውሃና ከብት ነው። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ዜናው ሁሉ «ተለቀቀ» እያለ ማንም አልተቸገረም። «የዋስ መብቱ ተጠብቆለት» የሚለውም ከጠበቆች አፍ ወደ መዝገቡ ከገባ ቆይቷልና ሲናገሩት ሰምቼ አላርምም። እርስዎ ግን ብዕሩ በእጅዎ ነውና፣ ሙሉውን ሐረግ መጻፍ ከረዘመብዎ ቢያንስ «የዋስትና መብት» ብለው ይጻፉልኝ።