ችግሩ እግርህ ጋ ነው

የላክልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ አካውንቲንግ ተመርቀህ ሐዋሳ ሥራ እየፈለግህ ነው። መዘምራን ውስጥ ለዓመታት ኪቦርድ ተጫውተሃል። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ያለ ሆቴል ማታ ማታ ሎቢው ውስጥ ፒያኖ የሚጫወት ሰው ፈልጎ ለፈተና ቀጥሮሃል። ፒያኖውን ቀድመህ ስትሞክረው፣ ቀስ ስትል አማረ፤ ጠንከር ስትል ድምፁ ተደበላለቀ። «እጄ ነው ወይስ ፒያኖው? ወይስ ይቅርብኝና ካሸርነቱን ልያዝ?» ብለሃል።

እጅህም ፒያኖውም ደህና ናቸው። ጉዱ ያለው ቀኝ እግርህ ጋ ነው። እኔም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በኪቦርድ እንጀራ በልቻለሁና ነገሩን አውቀዋለሁ።

የለመድከው ኪቦርድ ላይ ፔዳሉ የነካኸውን ኖታ ያስረዝማል፣ አለቀ። እውነተኛው ፒያኖ ላይ ግን ቀኙን ፔዳል ስትረግጥ ክሮቹን ዝም የሚያሰኙት ማፈኛዎች ባንዴ ይነሳሉ፤ ያልነካሃቸው ክሮችም ነጻ ይወጣሉ። ክራር መቺ አስብ። በቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይጠርጋል፣ በግራ ጣቶቹ የማይፈልጋቸውን ያፍናል። ፔዳል መርገጥ ያን ግራ እጅ እንደማንሳት ነው።

ስትመለስ ይህን ሞክር። ፔዳሉን ሳትነካ፣ ከመሐለኛው ዶ (ፒያኖው መሐል አካባቢ ካለው) አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለውን፣ ማለትም በግራ በኩል የሚቀጥለውን ዶ ድምፅ እንዳያወጣ ቀስ ብለህ ተጭነህ ያዘው። ከዚያ መሐለኛውን ዶ ጠንክረህ መትተህ ወዲያው ልቀቀው። ዝም ማለት ሲገባው ድምፅ ይቀራል፤ ያልመታኸው ክር ነው የሚዘፍነው። አሁን መሐለኛውን በስሱ ነክተህ ልቀቅ። ጆሮህን ካላስጠጋህ አትሰማውም።

ነገሩ ይኸው ነው። በለሆሳስ ስትጫወት የሚተርፈው ድምፅ ትንሽ ስለሆነ ከሰው ወሬና ከብርጭቆ ኳኳታ በታች ይሰምጣል፤ ፔዳሉን ብታስረዝመውም ይቅር ይልሃል። ስትጠነክር ፒያኖው ውስጥ ያለው መዶሻ ክሩን በኃይል ይመታዋል፣ ድምፁ ይሾላል፣ ሌሎቹም ክሮች አብረው ይነቃሉ። በተለይ ቤዙ ቶሎ አይሞትም። ከሁሉ የከፋው ከጠንካራ ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ኖታዎች) በኋላ ለስለስ ያለ ዜማ ስታስከትል ነው፤ የቀደመው ይውጠዋል። ስለዚህ ድምፅህ ሲጨምር ፔዳልህን አሳጥር። አዲሱን ኮርድ እጅህ ሲነካ እግርህ ይነሳ፣ ወዲያው ደግሞ ይመለስ።

የምትጫወትበት ቅኝትም ወሳኝ ነው። ትዝታ ሜጀር፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ግማሽ ቶን፣ ማለትም እጅግ የተቀራረቡ ሁለት ኖታዎች፣ ስለሌለበት ፔዳሉ ረዘም ቢል እንኳ ያምርበታል። አንቺሆዬ ውስጥ ግን ግማሽ ቶኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በአንድ ፔዳል ከያዝካቸው ይጣላሉ። ለፈተናው በትዝታ ጀምር እልሃለሁ። ብልጠት ነው፣ ግን ነውር የለበትም።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ፈታኝህ ሙዚቀኛ ላይሆን ይችላል። ሥራ አስኪያጁ የሚያየው እንግዶቹ ሳይጮሁ መነጋገር መቻላቸውን ነው። ከቻልክ ፈተናው ማታ፣ ሎቢው ሰው ሲይዝ ይሁንልህ በል። ባዶ አዳራሽ ከነሴራሚኩ ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላ ግን ድምፁ ይሰክናል። ፒያኖውን የሚቃኘው ማን እንደሆነና ክፍያው በማታ ይሁን በወር ጠይቅ። ካሸርነቱን አትተው፤ የቀን ፈረቃ ካገኘህ ሁለቱ አይጋጩም። ፒያኖን ዋና ሙያዬ ላድርገው ካልክ ደግሞ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለልህ፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።

ምናልባት ፒያኖውን ትተው ኪቦርድ ከሰጡህ፣ ስታበራው እግርህ ፔዳሉ ላይ እንዳይሆን። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን አቀማመጥ የሚያነቡት ሲበሩ ነው። አንድ ሠርግ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ እግሬን ሳላነሳ አበራሁት፤ ከዚያ ስረግጥ ይቆረጣል፣ ሳነሳ ይረዝማል። ሙሽሮቹ በዚያ ጭቃ ድምፅ ገብተው ቁጭ ካሉ በኋላ ነው አጥፍቼ ማብራት ትዝ ያለኝ።