ወረስነው ወይስ ተወረስን?

ጥያቄ፦ ሰሜን ሸዋ አንኮበር ውስጥ አያታችን በድንጋይና በኖራ ያሠሩት፣ የጥድ ሰገነት ያለው ቤት አለን። ሦስት ወንድማማቾች ወርሰነዋል። ጣሪያው ያፈስሳል፤ ታናሻችን «አፍርሰን ፎቅ እንሥራ» ይላል። በቅርቡ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም አንድ ባለሙያ መጥቶ ፎቶ አነሣና «ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት» ብሎ ሄደ። ቤታችን ተወረሰ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተወረሰም። በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወሰድ ያየ ቤተሰብ፣ የመንግሥት ሰው ግድግዳ ሲለካ ሆዱ ቢባባ አልፈርድበትም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነትም ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቤቱ የሦስታችሁ ነው።

ሸክሙም የእናንተው ነው። አዋጁ ባለቤቱን በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ ያስገድደዋል፤ ለጥገናም የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት ማመልከቻ ጻፉ። ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ሊያግዝ ይችላል። «ይችላል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ቢሆንም ካልጠየቁ አይገኝምና አቅማችሁን በማመልከቻው ላይ ግለጹ። ሕግ ባይሆንም አንድ ነገር ልጨምር፦ የኖራ ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑ፤ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይበላዋል።

ባለሙያው የተናገረውን በተመለከተ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ነው ነገሩ። ቤቱ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 839/2006 መሠረት በብሔራዊ ወይስ በክልል ደረጃ እንደተመደበ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ቀሪው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። «አልተመዘገበም» የሚል መልስ ቢመጣ ግን ለመዶሻ ፈቃድ አይደለም። የቅርስ ትርጓሜ የቆመው በታሪካዊና ባህላዊ ዋጋ ላይ ነው፤ ቅርስን ሆን ብሎ ማጥፋት ደግሞ ወንጀል ነው።

ታናሽዎ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1266 የጋራ ንብረትን ለማስተላለፍ ወይም አገልግሎቱን ለመለወጥ የሁላችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ሦስታችሁም ብትስማሙ እንኳ ለማፍረስ ፈቃድ ያሻል። ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ ድርሻውን ግዙት፤ ከክስ ይረክሳል። ቤቱን በሙሉ ለመሸጥ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ለባለሥልጣኑ አሳውቁ።

እስከዚያው ድረስ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሡት። የአንኮበር ክረምት ማመልከቻ አይጠብቅምና የሚያፈስሰውን በሸራ ሸፍኑት።